አራት ጊጋ ገብቶ ሦስት ሲታይ

ራም ማስጨመር ከኮምፒውተር ጥገና ሁሉ ቀላሉ ነው። ላፕቶፑን ገልብጦ ክዳኑን መፍታት፣ አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን ቦታው እስኪይዝ መጫን፤ በቃ። ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ነው። 4 ጊጋባይት ተገዝቶ፣ 4 ጊጋባይት ተገጥሞ፣ የዊንዶውስ የሲስተም ገጽ ላይ «የተገጠመው 4.00፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 2.99» የሚል ይነበባል። ባለቤቱ ሻጩን ይጠረጥራል። ሻጩ ዊንዶውሱን ይከስሳል። ዊንዶውሱን የጫነው ልጅ ደግሞ «ማዘርቦርዱ አይችልም» ብሎ ይገላገላል። የሚገርመው፣ ሦስቱም እንደ ማሽኑ ዓይነት ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ።

ጥያቄው አርጅቷል፤ ግን አልሞተም። ሌላ አገር አገልግለው የመጡ ላፕቶፖች በገበያችን ሞልተዋል፤ አሥር ዓመት ያለፋቸው ማሽኖችም ዛሬ ድረስ ራም ይጨመርላቸዋል። በዚህ ምክንያት የየዘመኑ ማብራሪያ ተቀላቅሎ ይነገራል። ለ2006 ላፕቶፕ የሚሠራ ምክር ለ2016 ላፕቶፕ ይሰጣል፤ የሰርቨር ሕግ ለግል ማሽን ይጠቀሳል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ስለዚህ ማብራሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ የትኛው ለየትኛው ማሽን እንደሚሠራ መለየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው «32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋ በላይ አያይም» የሚለው ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ፕሮሰሰሩ ራም ላይ ያለችን እያንዳንዷን ባይት የሚጠራት በቁጥር ነው። ቁጥሩ 32 ቢት ከሆነ ሊኖሩ የሚችሉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይህም ልክ 4 ጊጋባይት ነው። ነገር ግን ስሌቱ ለምን 5 እንደማይታይ እንጂ ለምን 3 እንደሚታይ አይናገርም። 4 ጊጋ ያስገጠመ ሰው እኮ ከ4 በላይ አልጠየቀም።

መልሱ አድራሻውን የሚጠቀመው ራም ብቻ አለመሆኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካርዱን፣ የኔትወርክ ካርዱን፣ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን፣ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ የተጻፈበትን ቺፕ ጭምር የሚያነጋግረው በዚያው የአድራሻ ቁጥር ነው። አንድ ቀበሌ የተወሰነ የቤት ቁጥር ሰሌዳ ብቻ አሠርቶ ከዚያው ላይ ለሱቁም ለመጋዘኑም ለክሊኒኩም ቢያድል፣ የተረፉት ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ እያላቸው ቁጥር አልባ ይቀራሉ። የመሣሪያዎቹ ድርሻ የሚወሰደው ከ4 ጊጋ ጣሪያ ወደ ታች ነው፤ ከሁሉም የሚብሰው የግራፊክስ ካርዱ ነው። በዚያ ክልል የወደቀው ራም በአካል አለ፣ ኤሌክትሪክም ይደርሰዋል፤ የሚጠራበት ቁጥር ግን የለውም። አንዱ ላፕቶፕ 3.5፣ ሌላው 3.25፣ ሦስተኛው 2.75 የሚያሳየው፣ ዊንዶውሳቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያዎቻቸው ስለሚለያዩ ነው።

ይህን አሠራር ዊንዶውስ አልፈጠረውም። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር፣ ኢንቴል 8088፣ 20 የአድራሻ መስመር ብቻ ስለነበረው የሚደርሰው 1 ሜጋባይት ነበር። ከዚያ ውስጥ ለፕሮግራሞች የተተወው 640 ኪሎባይት ሲሆን የላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪኑ፣ ለባዮሱና ለተጨማሪ ካርዶች ተከለለ። በ1985 ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ተባብረው ከዚያ ክልል ውስጥ ባለች ጠባብ መስኮት በኩል ተጨማሪ ሜሞሪ እየቀያየሩ የሚያሳዩበትን ደንብ አወጡ። የ1980ዎቹን መጨረሻ ያየ ባለሙያ ሥራው ሁሉ ከዚያች 640 ኪሎባይት ላይ ቦታ ማትረፍ ነበር። የ4 ጊጋው ችግር ያው የድሮው ችግር ነው፤ ቁጥሩ ብቻ አድጓል።

በመካከል ደግሞ ሌላ ዓይነት መሰናክል ነበረ። ስርዓተ ክወና ሲነሣ ራሙን ራሱ አይቆጥረውም፤ «ስንት አለ?» ብሎ ባዮሱን ይጠይቃል። የድሮው የባዮስ መልስ በ16 ቢት የሚጻፍ የኪሎባይት ቁጥር ስለነበረ ከ64 ሜጋባይት በላይ መናገር አይችልም ነበር። በ1990ዎቹ ሊኑክስ የጫኑ ሰዎች 128 ሜጋባይት ገጥመው 64 ብቻ ሲያዩ፣ ሊሎ በሚባለው ማስነሻ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሜሞሪው 128 ነው» የሚል መስመር በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ችግሩ የተፈታው ኢ820 የሚባለው የባዮስ ጥሪ ሲለመድ ነው። ይህ ጥሪ አንድ ቁጥር ሳይሆን ሙሉ ካርታ ይሰጣል፤ ከዚህ እስከዚህ ራም ነው፣ ከዚህ እስከዚህ የተያዘ ነው እያለ። ዛሬ የባዮስ ተተኪ የሆነው ዩኢኤፍአይ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ዊንዶውስ 98 ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር ነበረበት። ራሙ ከ512 ሜጋባይት ሲበልጥ የፋይል ማከማቻው ክፍል ከልክ በላይ አድራሻ እየያዘ፣ ሜሞሪ በተትረፈረፈበት ማሽን ላይ «ሜሞሪ አነሰ» የሚል መልእክት ያመጣ ነበር።

ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። 32 ቢት ፕሮሰሰር ሁሉ 4 ጊጋ ላይ ይቆማል የሚለው አባባል ከ1995 ጀምሮ ስሕተት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮ ፒኤኢ የሚባል ዘዴ ይዞ መጣ። የራሙ አድራሻ ከ32 ወደ 36 ቢት ሰፋ፤ 36 ቢት ደግሞ 64 ጊጋባይት ያደርሳል። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው የሚያየው አሁንም 4 ጊጋ ነው፤ ስርዓተ ክወናው ግን ያለውን ራም በሙሉ ለብዙ ፕሮግራሞች ማከፋፈል ይችላል። ማይክሮሶፍትም ይጠቀምበት ነበር። የ32 ቢቱ ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ኢንተርፕራይዝ መጀመሪያ 32፣ ሰርቪስ ፓክ 1 ሲወጣ ደግሞ 64 ጊጋባይት ይቀበል ነበር። እንግዲህ 32 ቢት የሆነው ሰርቨር 64 ጊጋ ሲፈቀድለት፣ እንደሱው 32 ቢት የሆነው የግል ላፕቶፕ በ4 ተወሰነ። የፕሮሰሰር ሕግ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም እኩል በሠራ ነበር።

ማይክሮሶፍት የሚሰጠው ምክንያት ድራይቨር ነው። በ2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 2 ቫይረስ በዳታ ክፍል ውስጥ ተደብቆ እንዳይሠራ የሚከለክለውን መከላከያ አመጣ። መከላከያው ደግሞ ያለ ፒኤኢ አይሠራም፤ ምልክቱ የሚጻፈው በፒኤኢ ሰንጠረዥ ውስጥ ነውና። ስለዚህ ፒኤኢ በብዙ የግል ኮምፒውተሮች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ተከፈተ። የግራፊክስና የድምፅ ካርድ ድራይቨር ጸሐፊዎች ግን አድራሻ ከ32 ቢት ይበልጣል ብለው አስበው አያውቁም ነበር፤ የላይኛውን ቢት ቆርጠው ይጥሉታል፤ ውጤቱም የሌላ ፕሮግራም ዳታ ላይ መጻፍና ሰማያዊ ስክሪን ነው። ኩባንያው ፒኤኢን ክፍት ትቶ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አድራሻ ግን ዘጋ። የማይክሮሶፍቱ ባለሙያ ማርክ ሩሲኖቪች በ2008 ስለ ዊንዶውስ የሜሞሪ ገደቦች ባወጣው ሰፊ ጽሑፍ ይህንኑ አስረድቷል።

በሌላው ወገን የዊንዶውስን ውስጠኛ ኮድ በመመርመር የሚታወቀው ጄፍ ቻፔል አለ። የ32 ቢቱን ቪስታ ከርነል (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) አገላብጦ ያገኘው፣ ከ4 ጊጋ በላይ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ኮድ ሁሉ ውስጡ እንዳለና የሚያቆመው በፈቃድ መረጃ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር እንደሆነ ነው። በዚህ የተነሣ «ማይክሮሶፍት ራማችንን ቆለፈ» የሚል ቁጣ ተሰማ፤ ከርነሉን እየቀየሩ ገደቡን የሚያነሡ ፕሮግራሞችም ተሠሩ። በእኔ ግምት ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጋጩም። አንዱ ገደቡ ለምን እንደተቀመጠ ይናገራል፣ ሌላው በምን እንደተቀመጠ። የድራይቨሩ አደጋ እውነተኛ ነበር፤ ገደቡም ውሳኔ ነበር። ስሕተቱ ውሳኔውን የሒሳብ ሕግ አስመስሎ ለሕዝብ ማስተማር ነው፤ ዛሬም ብዙ የኮምፒውተር አስተማሪ የሚደግመው ያንኑ ነው።

ሊኑክስ ሌላ መንገድ ሄደ። ፒኤኢን ለማንም ከፈተው፤ የ32 ቢት ሊኑክስ የጫነ ላፕቶፕ 8 ጊጋ ሙሉ ማየት ይችላል። ዋጋ ግን አለው። በ32 ቢት ሊኑክስ ከርነሉ በቀጥታ የሚደርስበት የታችኛው 896 ሜጋባይት ብቻ ነው። እያንዳንዷን 4 ኪሎባይት ገጽ ለመመዝገብ 32 ባይት ያህል ከዚያችው ክልል ይወሰዳል። 64 ጊጋ ቢገጠም መዝገቡ ብቻውን 512 ሜጋባይት ይውጣል ማለት ነው፤ ለሥራ የሚተርፈው ከግማሽ በታች ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ፒኤኢን በተደጋጋሚ ክፉኛ የተቸው እንዲሁ አልነበረም። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ተከተለ። ኡቡንቱ ከ12.10 ጀምሮ የ32 ቢቱን እትም ፒኤኢ ለሌለው ማሽን አልሠራም አለ። ከቀደሙት የፔንቲየም ኤም ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ግን ችሎታው እያላቸው «ፒኤኢ አለኝ» ብለው አይናገሩም። ደህና ላፕቶፕ የመጫኛ ሲዲውን አልቀበል እያለ ከቆየ በኋላ፣ በግድ የሚያስነሣ ትእዛዝ በ14.04 መጣለት።

«64 ቢት ጫንና ተገላገል» የሚለው ምክር ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ለአብዛኛው ማሽንም መጨረሻው ነው። ኤኤምዲ በሚያዝያ 2003 ኦፕቴሮን የተባለውን 64 ቢት ፕሮሰሰር ካወጣ በኋላ 64 ቢት በጥቂት ዓመታት ወደ ላፕቶፕ ወረደ። በ2006 የኮር 2 ዱኦ ላፕቶፕ የገዛ ሰው 64 ቢት ፕሮሰሰር በእጁ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ላይ የሚታለፍ፣ ብዙ ሰው ገንዘብ ያወጣበት ወጥመድ አለ፤ ቺፕሴቱ።

በዚያ ዘመን የኢንቴል ፕሮሰሰር ራሙን በቀጥታ አያነጋግርም ነበር፤ በመካከል ቺፕሴት አለ። የ2006 ላፕቶፖች ላይ የበዛው የኢንቴል 945 ቤተሰብ ከጠቅላላው 4 ጊጋ አድራሻ አያልፍም ነበር። መሣሪያዎቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ የተሸፈነውን ራም ከ4 ጊጋ በላይ ወዳለ ቁጥር ማዛወር አይችልም። ስለዚህ ቲንክፓድ ቲ60 ላይ 64 ቢት ዊንዶውስ ተጫነ፣ 64 ቢት ሊኑክስ ተጫነ፣ 2 ጊጋ በ2 ጊጋ ተገጠመ፣ የሚታየው ያው 3 ጊጋ አካባቢ ነው። አፕል በ2006 መጨረሻ ያወጣውን ማክቡክ ፕሮ «እስከ 3 ጊጋ» ብሎ የሸጠውም በዚሁ ሳቢያ ነው፤ ቢያንስ በግልጽ ነገረን። በ2007 የመጣው የ965 ቤተሰብ ማዛወሩን ቻለበት፤ የቲ60 ተተኪ ቲ61 8 ጊጋ ይቀበላል። ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ከውጭ ልዩነታቸውን በቀላሉ አያውቅም። ሶፍትዌር ቀይሮ 945ን ማዳን አይቻልም፤ «አንድ ነገር ልሞክርልህ» የሚል ካለ ጊዜ እያባከነ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኢንቴልም የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገባ፤ የቺፕሴቱ ወጥመድም ተነሣ። ዛሬ 8 ጊጋ ገብቶ 5.9 የሚያሳይ ላፕቶፕ ካጋጠመ፣ ተጠርጣሪው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራሙ ይቆርጣል፤ በተለይ የኤኤምዲ ላፕቶፖች ላይ ባዮሱ 512 ሜጋባይት፣ አንዳንዴም 2 ጊጋ ያህል አስቀድሞ ይከልልለታል። ዊንዶውስ ይህን ታስክ ማናጀር ውስጥ «ለሃርድዌር የተያዘ» ይለዋል። ባዮሱ ድርሻውን የሚቀንስ ምርጫ ካለው መቀነስ ይቻላል፤ የላፕቶፕ አምራቾች ግን ይህን ምርጫ ብዙ ጊዜ ይደብቁታል። ጌም የሚጫወት ሰው ባይነካው ይሻለዋል።

የፈቃድ ገደብም አለ። ዊንዶውስ 7 ስታርተር፣ ለትንንሾቹ ኔትቡኮች የተሸጠው፣ 2 ጊጋ ላይ ይቆማል። የ64 ቢቱ ሆም ቤዚክ 8፣ ሆም ፕሪሚየም 16፣ ፕሮፌሽናልና ከዚያ በላይ ያሉት 192 ጊጋባይት ይቀበላሉ። ይህን የቴክኒክ ልብስ ማልበስ አይቻልም፤ ንግድ ነው። በዊንዶውስ 10 የሆም ጣሪያ 128 ጊጋ ስለሆነ የላፕቶፕ ባለቤት ከዚህ ገደብ ጋር መገናኘቱ ቀርቷል። የ32 ቢቱ ዊንዶውስ 10 ግን እንደ አባቶቹ በ4 ጊጋ ቀረ።

ስለ አካላዊው ክፍል ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ግን ከተዘነጉት ሁሉ ይህ ይብሳል። ራሙ በደንብ አልተቀመጠም፣ ወርቅማ ጥርሶቹ አቧራ ወይም ዝገት ይዘዋል፣ ወይም ዓይነቱ አይገጥምም። በ2013 የመጡት አራተኛ ትውልድ የኢንቴል ላፕቶፖች የሚፈልጉት በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው፤ 1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ሶኬቱ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፣ ማሽኑ ግን ላያየው ወይም ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። በላጲስ አሽቶ መመለስ፣ ሁለቱን ሶኬቶች አንድ በአንድ መሞከር የጥገና ቤት ልማድ ነው፤ ደግ ልማድ ነው፤ ባትሪው ከወጣ በኋላ ከሆነ።

በየቦታው የሚመከሩት ሁለት «መፍትሔዎች» የተለየ ፍርድ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ኤምኤስኮንፊግ ውስጥ ገብቶ «ከፍተኛ ሜሞሪ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ የራሙን ልክ መጻፍ ነው። ያ ሳጥን የተሠራው ለሙከራ ራም ለመቀነስ ነው፤ መጨመር አያውቅም። እንዲያውም ቀድሞ የነካው ሰው ምልክት ትቶበት ከሆነ ራሙን የሚያስቀረው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ምክር ምልክቱን ማንሣት ነው። በሊኑክስ ማስነሻ ላይ የሜሞሪ ልክ መጻፍም እንዲሁ፤ በ1990ዎቹ ያድን የነበረው መስመር ዛሬ የሚሠራው ለመቀነስ ነው። ሁለተኛው የ32 ቢቱን ዊንዶውስ ከርነል መቀየር ነው። በአንዳንድ ማሽኖች ይሠራል፤ ግን ማይክሮሶፍት የፈራው የድራይቨር አደጋ ሁሉ አብሮ ይመለሳል፣ የከርነሉ ዲጂታል ፊርማ ይሰበራል፣ ከአንድ ማሻሻያ በኋላም ሊበላሽ ይችላል። 64 ቢት ለመጫን የሚችል ማሽን ላይ ይህን ማድረግ ምንም ምክንያት የለውም።

ታዲያ ምርመራው ከየት ይጀመር? ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዊንዶውስ ነው፤ መጀመር ያለበት ግን ከታች ነው። ላፕቶፑ ሲነሣ ኤፍ2፣ ኤፍ10 ወይም አምራቹ የመረጠው ቁልፍ ተጭኖ ባዮሱ ይከፈታል። ባዮሱ 4096 ሜጋ ሳይሆን 2048 ካለ ጉዳዩ ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም፤ ራሙ፣ ሶኬቱ ወይም ዓይነቱ ነው። ባዮሱ ሙሉውን ካሳየ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስርዓተ ክወናው 32 ነው ወይስ 64 የሚለው ነው። 64 ሆኖም ከጎደለ፣ ወይ የ2006 ዘመን ቺፕሴት ነው፣ ወይ ግራፊክሱ የወሰደው ነው፣ ወይ የዊንዶውሱ እትም ነው፣ ወይ ያ የተረሳ ምልክት። ከፍላሽ የሚነሣው ሜምቴስት86 ያለ ዊንዶውስ ስለሚሠራ ለዳኝነት ጥሩ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ የሶኬቶቹንና የራሞቹን ዝርዝር ያወጣል፤ «ከፍተኛው የሚቀበለው» ብሎ የሚጽፈውን ቁጥር ግን ማመን አያስፈልግም፣ አምራቾች ብዙ ጊዜ እንደመጣላቸው ይሞሉታል።

በአገራችን ጥገና ቤቶች የ32 ቢት ዊንዶውስ ዕድሜ የረዘመው፣ እንደማየው፣ እጅ ያለው ፍላሽ እሱ ስለሆነና በደካማ ማሽን ላይ ስለሚቀል ነው። 2 ጊጋ ላለው ላፕቶፕ ይህ ምርጫ ያስኬድ ነበር፤ 8 ጊጋ ላስገጠመ ደንበኛ ግን ግማሹን ራም በከንቱ መሸጥ ነው። ደግሞም የ32 ቢቱ ዘመን አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ከግንቦት 2020 ወዲህ ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች የ32 ቢት ዊንዶውስ 10 ለአምራቾች መስጠት አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ወጣ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 14 ቀን 2025 ተቋርጧል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዙ ከሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ማሽኑን አጥፍቶ ባዮሱ ውስጥ ያለውን የራም መጠን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከዚያ ዊንዶውሱ 64 ቢት መሆኑንና «ለሃርድዌር የተያዘ» የሚለው ስንት እንደሆነ ይመልከቱ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ መሆን አለመሆኑንም ይጠይቁ፤ በቀጫጭኖቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የተበየደ ስለሆነ በኋላ አስጨምራለሁ ማለት አይሠራም።